የተቈጠረበት ተራና የተመለሰበት ተራ፤ ስለ ኤክስፓዝ ጥያቄዎች ውጤት የቀረበ ትችት

በክፍላችን ለልምምድ በተሰጠን ሥራ ላይ ያጋጠመንን አንድ ስሕተት በመናገር እንጀምራለን። ሥራው ያንድ የብራና መጽሐፍ ታሪክ በኤክስኤምኤል ሰነድ መዝግቦ፣ ከመዝገቡ ላይ በኤክስፓዝ ቋንቋ ጥያቄ እየጠየቁ መልስ ማውጣት ነበር። ለልምምዱ ብለን ራሳችን የፈጠርነው መጽሐፍ አራት ባለቤቶች ነበሩት፤ እነርሱም በየተራቸው ኃይሉ፣ ተሰማ፣ ወለተ ማርያምና ገብሬ ይባላሉ። «ከገብሬ በፊት መጽሐፉ በማን እጅ ነበር?» ብለን ጠየቅን። መልሱ ወለተ ማርያም መሆን ሲገባው ኮምፒዩተሩ ኃይሉ ብሎ መለሰልን። እኛም መልሱን ሳንመረምር በክፍሉ ፊት ቆመን፣ መጽሐፉ ከኃይሉ እጅ በቀጥታ ወደ ገብሬ ተላለፈ ብለን ተናገርን። መምህራችን መዝገቡን አይተው «ተሰማና ወለተ ማርያምስ የት ሄዱ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ የምንመልሰው አልነበረንም።

መጽሐፉ የፈጠራ ስለ ነበረ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን በአገራችን የብራና መጻሕፍት መካከል የቀድሞው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቆ የኋለኛው ስም በቦታው የተጻፈባቸው መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ የባለቤቶችን ተራ ማሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው በምላጭ የሚሠራውን በደል እኛ ሳናውቀው ባንድ ጥንድ ቅንፍ ሠራነው። ስሕተቱ የእኛ መሆኑን እናምናለን፤ ሆኖም ቋንቋው ራሱ ለዚህ ስሕተት መንገድ እንዳበጀ ከመረመርን በኋላ ተረዳን።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኤክስፓዝ ጥያቄዎች ውጤት በምን ቅደም ተከተል እንደሚመለስ፣ ቅደም ተከተሉን ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚያረጋግጥ መመርመር፤ ቋንቋው የሚነቀፍበትን ነቅፎ የሚመሰገንበትንም ማመስገን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ሰነዱና ቋንቋው

ኤክስኤምኤል ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም በተባለው ማኅበር ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 በደንብነት የወጣ የሰነድ አጻጻፍ ነው። ሰነዱ እንደ ዛፍ ይታሰባል፤ ካንዱ ግንድ ቅርንጫፎች፣ ከቅርንጫፎቹም ሌሎች ቅርንጫፎች ይወጣሉ። እያንዳንዱን መለያያ አንጓ እንለዋለን። ነገር ግን ይህ ዛፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ስለ ሆነ አንጓዎቹ በጽሑፉ ውስጥ ቅደም ተከተል አላቸው። የመክፈቻ ምልክቱ ቀድሞ የተጻፈው ይቀድማል፤ ስለዚህም ወላጅ ምን ጊዜም ከልጆቹ በፊት ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል የሰነድ ተራ እንበለው፤ የትችታችን ነገር በሙሉ በዚህ በተራ ላይ ይቆማል።

ኤክስፓዝ በዚህ ዛፍ ውስጥ መንገድ እየጠቆሙ አንጓ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው ደንቡ፣ ማለት ኤክስፓዝ 1.0፣ በጄምስ ክላርክና በስቲቭ ደሮዝ አዘጋጅነት ኖቬምበር 16 ቀን 1999 ወጣ። በዚያው ቀን ሰነድን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ የሚለውጠው የኤክስኤስኤልቲ ደንብም ወጥቷል። ኤክስፓዝ ብቻውን እንዲቆም የታሰበ ሳይሆን እንደ ኤክስኤስኤልቲ ባሉ ሌሎች ቋንቋዎች ውስጥ ገብቶ እንዲያገለግል የተሠራ ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በኋላ ለምንነቅፈው ነገር ዋነኛው ምክንያት እርሱ ነውና።

በምሳሌዎቻችን የአንጓዎቹን ስም በፊደላችን «ባለቤት»፣ «መጽሐፍ» እያልን እንጽፋለን። ይህ ቀድሞ አይፈቀድም ነበር፤ ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ የ1998ቱ የኤክስኤምኤል ደንብ ለስም የሚፈቅዳቸውን ፊደላት ከዚያ በፊት በነበረው ዩኒኮድ ወስኖ ስለ ነበር ነው። በፊደላችን ይዘት መጻፍ ሲቻል ስም መስጠት ግን አይቻልም ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1፣ በኋላም በ2008 የወጣው የ1.0 አምስተኛ እትም ይህን ገደብ አንሥተውታል። የኤክስፓዝ የራሱ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ የተወሰኑ ስለ ሆኑ እዚህ ትርጉማቸውን ብቻ እንጽፋለን።

2. ተራ የለውም ተብሎ ተራ የሚጠየቅ ስብስብ

በኤክስፓዝ 1.0 ደንብ መሠረት አንድ የመንገድ ጥያቄ የሚመልሰው የአንጓዎች ስብስብ ነው። ስብስብም ማለት ተራ የሌለውና አንድ አንጓ ሁለት ጊዜ የማይገኝበት ክምችት ነው ይላል ደንቡ። ስለዚህ «የዚህን መጽሐፍ ባለቤቶች ስጠኝ» ብሎ ለጠየቀ ሰው አራቱ ሁሉ ይሰጡታል፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚለው ግን በቋንቋው ውስጥ ቃል አልተገባበትም።

ይህ ሐሳብ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ኤድጋር ኮድ በ1970 ባወጣው ታላቅ ጽሑፍ መረጃ ተራ በሌላቸው ረድፎች ሊያዝ እንደሚችል ካስተማረ ወዲህ፣ የመረጃ ሊቃውንት ተራን አለመጠየቅን እንደ በጎ ልማድ አድርገው ቈጥረውታል። ጠያቂው ተራ ካልጠየቀ መልስ ሰጪው ፕሮግራም በሚቀልለው መንገድ ሠርቶ ቶሎ ሊመልስ ይችላል። ተራ የሚፈልግም እንዲደረደርለት በግልጽ ይጠይቃል። በሰንጠረዥ ለተያዘ መረጃ ይህ ትክክል ነው፤ የሰንጠረዥ ረድፎች በመካከላቸው የተፈጥሮ ተራ የላቸውምና።

የኤክስኤምኤል ሰነድ ግን ሰንጠረዥ አይደለም። የመጽሐፍ ምዕራፎች፣ የምዕራፍ አንቀጾች፣ የአንቀጽ ዐረፍተ ነገሮች ተራቸው ከተፋለሰ ትርጉማቸው ይጠፋል። ይህንም የደንቡ አዘጋጆች እጅግ አድርገው ያውቁት ነበር። ስለዚህም ውጤቱን ስብስብ ብለው ከሰየሙ በኋላ በብዙ ቦታ ተራን ይጠይቁታል። ስብስብ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ፣ በሰነድ ተራ የመጀመሪያው አንጓ ጽሑፍ ይወሰዳል፤ ሌሎቹ ይቀራሉ። ኤክስኤስኤልቲም ስብስቡን አንድ ባንድ ሲያስተናግድ፣ እንዲደረድር በሌላ መንገድ ካልታዘዘ በቀር፣ በሰነድ ተራ ያስተናግዳል። ይህም «የዕቁባችን አባላት ተራ የላቸውም» የሚል ደንብ ጽፎ፣ ከዚያ ቀጥሎ «ገንዘቡ በመጀመሪያ ለመጀመሪያው አባል ይሰጥ» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቃሎች ባንድ ደንብ ውስጥ ሲገኙ አባላቱ ሳይጣሉ አይቀሩም።

ጠቡም በእርግጥ መጥቷል። ኤክስፓዝ ከኤክስኤስኤልቲ ወጥቶ በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ በገባ ጊዜ፣ ተራውን የሚጠብቅለት አስተናጋጅ ከእርሱ ጋር አልሄደም። በድር አሳሾች ውስጥ ለሚሠራበት መንገድ መሠረት የሆነው፣ ኮንሶርቲየሙ በ2004 ያወጣው ጽሑፍ ይህን ስላወቀ ጠያቂው አስቀድሞ እንዲመርጥ ያደርገዋል፤ በሰነድ ተራ የተሰለፈ ውጤት አለ፣ ተራ ያልተጠበቀለት ውጤትም አለ። ጠያቂው ምርጫውን ካልገለጸና ውጤቱ የአንጓዎች ስብስብ ከሆነ፣ የሚሰጠው ተራ ያልተጠበቀለት ነው። ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ ተሰልፎ ሊመጣ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሆነውና ቃል የተገባበት አንድ አይደሉም። መቶ ጊዜ ተሰልፎ የመጣ ውጤት በመቶ አንደኛው ጊዜ ሳይሰለፍ ቢመጣ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የሚከስሰው የለውም።

ሌላው ችግር የተነሣው ከድምር ጥያቄ ነው። «ርእስን ወይም ጸሓፊን ስጠኝ» ብለን ሁለቱን በድምር ምልክት አያይዘን ብንጠይቅ፣ ብዙዎቻችን ርእስ በመጀመሪያ፣ ጸሓፊ በሁለተኛ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፤ በጥያቄው ውስጥ እንዲያ ጽፈነዋልና። ነገር ግን ድምር የጠያቂውን ተራ አያውቅም። ውጤቱ በሰነድ ተራ ከመጣ፣ ጸሓፊው ከርእሱ በፊት በተመዘገበበት ሰነድ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያውን ምን ጊዜም ርእስ ነው ብሎ የሚያትም ፕሮግራም የሰውን ስም በመጽሐፍ ርእስ ቦታ ያትማል።

3. ሁለት አቈጣጠር ባንድ ቅንፍ

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። ኤክስፓዝ በዛፉ ውስጥ የሚሄድባቸው አቅጣጫዎች አሉት። ወደ ልጅ፣ ወደ ተወላጅ፣ ወደሚከተለው ወንድም የሚያመሩት ወደ ፊት የሚሄዱ ናቸው። ወደ ቅድመ አያቶች፣ ወደ ቀደመው ወንድምና በጠቅላላው ወደ ቀደመው ነገር የሚያመሩት ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄዱ ናቸው። በማእዘን ቅንፍ ውስጥ ቍጥር ሲጻፍ ያ ቍጥር በአቅጣጫው ይቈጠራል፤ ወደ ፊት በሚሄደው በሰነድ ተራ፣ ወደ ኋላ በሚሄደው ግን በሰነዱ ተራ ግልባጭ። ስለዚህ በገብሬ ላይ ቆመን

ቀዳሚ-ወንድም::ባለቤት[1]

ብለን ብንጠይቅ የሚመለሰው ለገብሬ የሚቀርበው፣ ማለት ወለተ ማርያም ናት። እኛ ግን ጥያቄው የበለጠ ግልጽ የሚሆን መስሎን በክብ ቅንፍ ከብበን

(ቀዳሚ-ወንድም::ባለቤት)[1]

ብለን ጻፍን። ክብ ቅንፉ አቅጣጫውን ዘጋው። በቅንፉ ውስጥ ሦስቱ ቀዳሚ ባለቤቶች ተሰበሰቡ፤ ከቅንፉ ውጭ ያለው ቍጥር የቈጠራቸው በሰነድ ተራ ስለ ሆነ አንደኛው ኃይሉ ሆነ። ሁለቱ ጥያቄዎች ለዓይን የሚለያዩት ባንድ ጥንድ ቅንፍ ብቻ ሲሆን መልሳቸው ግን የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ያህል ይራራቃል። ደንቡ ይህን ልዩነት በግልጽ ጽፎታል፤ ስለዚህ አልተነገረንም ልንል አንችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን መናገር ይገባናል። ወደ ኋላ መቍጠሩ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ከሰው አእምሮ ጋር የተስማማ ነው። በአገራችን ለጋብቻ ዘር ሲቈጠር «ሰባት ቤት» የሚባለው ከራስ ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ አንድ ብሎ አባት፣ ሁለት ብሎ አያት፣ ሦስት ብሎ ቅድመ አያት። ከመጀመሪያው የጎሣ አባት ጀምሮ ወደ ታች የሚቈጥር ሰው ቢኖር ስንት ትውልድ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልገዋል። ኤክስፓዝም ወደ ቅድመ አያቶች ሲሄድ አንደኛው አባት እንዲሆን ማድረጉ ትክክል ነው። ነገር ግን የተቈጠረው ሐረግ ሲጻፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይጻፍም። የማቴዎስ ወንጌል የጌታን የትውልድ ሐረግ ከአብርሃም ወደ ታች ሲያወርድ፣ የሉቃስ ወንጌል ወደ ላይ እስከ አዳም ያወጣዋል፤ ሁለቱም ትክክለኛ አጻጻፍ ናቸው፤ አንባቢውም በየትኛው አቅጣጫ እየሄደ እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ቃል ያውቃል።

ኤክስፓዝ የሚያጠፋው አንባቢው ይህን ሳያውቅ አቅጣጫውን መለወጡ ነው። በማጣሪያው ውስጥ ወደ ላይ ይቈጥራል፤ ውጤቱ በሰነድ ተራ ሲሰጥ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ቅድመ አያቶቹን ሁሉ የጠየቀ ሰው የሚቀበለው ዝርዝር የሚጀምረው ከግንዱ ነው፤ የመጀመሪያውን በማጣሪያ የጠየቀ ሰው ግን የሚቀበለው አባቱን ነው። የዝርዝሩ አንደኛና የማጣሪያው አንደኛ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባንድ ቋንቋ፣ ባንድ ዓይነት ቅንፍ፣ ባንድ ቍጥር ሁለት አቈጣጠር መኖሩን ነው የምንነቅፈው። ለቅርበት የሚቈጠረው የራሱ ምልክት ቢኖረው ኖሮ ጀማሪ ሁሉ በዚህ ጉድጓድ ባልወደቀ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላም ወጥመድ አለ። በሰነዱ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት፣ በእያንዳንዱም ሥር ባለቤቶች ቢኖሩ፣ በሁለት እዝባር ጀምሮ «//ባለቤት[1]» ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ ባለቤት ሳይሆን ሦስት ይቀበላል። ሁለቱ እዝባሮች የረጅም መንገድ ምኅጻረ ቃል ስለ ሆኑ ቍጥሩ የሚሠራው በየወላጁ ሥር ነው፤ ይኸውም ለእናቱ ወይም ለአባቱ የመጀመሪያ የሆነ ሁሉ ይመጣል። ከሰነዱ ሁሉ የመጀመሪያውን አንድ ባለቤት የሚፈልግ «(//ባለቤት)[1]» ብሎ መክበብ አለበት። ባለፈው ምሳሌ ያጠፋን ክብ ቅንፍ በዚህኛው ያድነናል። ስለዚህ «ቅንፍ ጨምር» ወይም «ቅንፍ አትጨምር» የሚል አጭር ምክር ለተማሪ መስጠት አይቻልም፤ ቍጥሩ ምን ላይ እንደሚሠራ መረዳት ግዴታ ነው።

4. የ2007ቱ እርማት

ጃንዋሪ 23 ቀን 2007 ኤክስፓዝ 2.0 ከኤክስኤስኤልቲ 2.0ና ከኤክስኩዌሪ 1.0 ጋር ወጣ። በዚህ ደንብ ስብስብ የሚለው ቃል ቀርቶ ውጤት ሁሉ ሰልፍ ሆነ፤ ሰልፍም ተራ ያለው ነው። በእዝባር የተያያዘ መንገድ አንጓዎችን ሲመልስ በሰነድ ተራ ሰልፎ፣ ድጋሚውንም አስወግዶ እንዲመልስ ታዘዘ። ድምርም እንዲሁ። የራሱን ተራ የሚፈልግ ጠያቂ ደግሞ በነጠላ ሰረዝ እያያዘ «ርእስ፣ ጸሓፊ» ቢል የጻፈው ተራ ይጠበቅለታል። ስለዚህ በ1999 ልማድ ብቻ የነበረው በ2007 ቃል ኪዳን ሆነ። ይህን ያለ ማመንታት እናመሰግነዋለን።

ከዚህም የሚበልጥ ምስጋና የሚገባው ሌላ ለውጥ አለ። በ1.0 ከአንድ በላይ አንጓ ወደ ጽሑፍ ለውጥ ቢባል ዝም ብሎ የመጀመሪያውን ይወስድ ነበር፤ በ2.0 ግን ይህ ስሕተት ነው ተብሎ ይከለከላል። ዝም ብሎ ከሚሳሳት አገልጋይ «ጌታዬ፣ የትኛውን?» ብሎ የሚጠይቅ አገልጋይ ይሻላል። በአንጻሩ ኤክስኤስኤልቲ የአንድን ጥያቄ ዋጋ የሚያትምበት ትእዛዝ በ1.0 የመጀመሪያውን ብቻ ሲያትም፣ በ2.0 ሁሉንም በክፍት ቦታ እየለየ ያትማል። የአንድ ጽሑፍ የእትም ቍጥር ብቻ ሲለወጥ የሚታተመው ይለወጣል ማለት ነው። እርማቱ ትክክል ቢሆንም አሮጌ ሥራዎቻቸውን ሳይመረምሩ ቍጥሩን ለሚለውጡ አደጋ አለው።

እርማቱ ግን ሁሉን አላረመም። ባለፈው ክፍል የነቀፍነው ሁለት አቈጣጠር በ2.0 እንዳለ ቀርቷል፤ አሮጌ ጥያቄዎች እንዳይበላሹ ተብሎ መሆኑ አያጠራጥርም። በዚያ ላይ አዲስ ወጥመድ ተጨመረ። አንድ ተማሪ በኤክስኩዌሪ መጻሕፍትን በዓመታቸው ደርድሮ፣ ከተደረደሩት ላይ እዝባር ጨምሮ ርእሳቸውን ቢጠይቅ፣ ርእሶቹ የሚመጡት በዓመት ተራ ሳይሆን እንደ ገና በሰነድ ተራ ነው። እዝባሩ የአንጓዎችን ውጤት ሁሉ በሰነድ ተራ እንዲያሰልፍ ታዟልና የተማሪውን ድካም ያፈርሰዋል። ይህም ችግር በመታየቱ በ2014 በወጣው ኤክስፓዝ 3.0 በቃለ አጋኖ ምልክት የሚጻፍ ሌላ ማያያዣ ተጨመረ፤ እርሱ የተሰጠውን ተራ ሳይነካ አንድ ባንድ ይሄዳል። እንግዲህ ቋንቋው ሁለት ማያያዣ አለው፤ አንዱ የሰነዱን ተራ የሚያስከብር፣ ሌላው የጠያቂውን። ሁለቱን ለይቶ የማያስተምር ትምህርት ጎደሎ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ሁልጊዜ ማሰለፍ ሥራን ያዘገያል ብለው ይቃወማሉ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ በሰፊ ሰነድ ውስጥ ብዙ ሺሕ አንጓ መደርደር ዋጋ አለው። ነገር ግን ዋጋውን ለመቀነስ የተደረገው ጥናት ብዙ ነው። በ2002 ቶርስተን ግሩስት ለእያንዳንዱ አንጓ ሁለት ቍጥር መስጠትን አሳየ፤ አንዱ አንጓው በስንተኛ እንደ ተከፈተ፣ ሌላው በስንተኛ እንደ ተዘጋ የሚናገር። ከሌላው ቀድሞ የተከፈተና ከሌላው በኋላ የተዘጋ አንጓ የዚያ የሌላው ቅድመ አያት ነው፤ የመክፈቻው ቍጥርም ራሱ የሰነድ ተራ ነው። በዚያው ዓመት ኢጎር ታታሪኖቭና ባልደረቦቹ ተራ ያለውን ሰነድ ተራ በሌለው ሰንጠረዥ ውስጥ በቍጥር አማካይነት ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳዩ። በ2003 ደግሞ ሂደርስና ሚኪልስ ካንድ ጥያቄ ቅርጽ ብቻ ውጤቱ ቀድሞውኑ የተሰለፈ መሆኑን ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ፣ በዚህም አላስፈላጊውን መደርደር ማስቀረት እንደሚቻል አቀረቡ። ተራ የማያስፈልገው ጠያቂም በኤክስኩዌሪ «ተራ አልፈልግም» ብሎ በግልጽ መናገር ይችላል። ይህ ከ1.0 የሚሻል ሥርዓት ነው፤ ተራን ያልጠየቀ እንዲያጣ ሳይሆን ተራን ያልፈለገ እንዲናገር ያደርጋልና።

5. የሰነድ ተራና የነገሩ ተራ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቋንቋውን የሚመለከት ነው። የቀረው ከሁሉ ይበልጣል ብለን የምናምነው ነው፤ እርሱም እኛን ጠያቂዎችን ይመለከታል። ኤክስፓዝ 2.0 ቃል የገባልን የሰነዱን ተራ ነው። የሰነድ ተራ ማለት መዝጋቢው የጻፈበት ተራ እንጂ ነገሩ የሆነበት ተራ አይደለም።

በብራና መጽሐፍ ላይ የባለቤትነት ማስታወሻ የሚጻፈው ባዶ ቦታ በተገኘበት ነው። የኋለኛው ባለቤት በመጀመሪያው ቅጠል ላይ፣ የቀደመው በመጨረሻው ቅጠል ላይ ጽፎ ሊገኝ ይችላል። መዝጋቢው ማስታወሻዎቹን በየቅጠላቸው ተራ ቢመዘግባቸው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ይሁን እንጂ ያን መዝገብ «ቀዳሚ-ወንድም» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው በቅጠል የቀደመውን እንጂ በዘመን የቀደመውን አይደለም። ቋንቋው በዚህ አልዋሸም፤ የዋሸው ቦታን እንደ ጊዜ የቈጠረው ጠያቂ ነው።

የሰነድ ተራ ራሱም ሁሉን አይሸፍንም። ባንድ የመክፈቻ ምልክት ውስጥ የሚጻፉት አትሪቢዩቶች በኤክስኤምኤል ደንብ ተራቸው ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ «የመጀመሪያውን አትሪቢዩት ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ መልሱን ለዕድል መስጠት ነው። ከብዙ ሰነዶች ባንድነት በሚጠየቅም ጊዜ የትኛው ሰነድ ከየትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው፤ ባንድ ጥያቄ ውስጥ ተራው አይለዋወጥም እንጂ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሊለያይ ይችላል። አንድ መጽሐፍ ባንድ ሰነድ እየተመዘገበ በሚያዝበት ቤት፣ የመጻሕፍቱ ተራ ከደንቡ የተሰጠ ነው ብሎ ማመን አይገባም።

ይህም ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የጥናት ሥራ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት መግለጫ፣ ቲኢአይ የሚባለውን የአጻጻፍ ደንብ ተከትሎ በኤክስኤምኤል ይመዘግባል። የቲኢአይ ደንብ መጽሐፉ የነበረባቸውን እጆች ለመመዝገብ ለእያንዳንዱ ታሪክ የየራሱን አንጓ ይሰጣል፤ በአንጓውም ላይ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም»፣ «ከዚህ ዓመት በኋላ አይደለም» የሚሉ የዘመን ምልክቶች እንዲጻፉ ይፈቅዳል። መድኀኒቱ ይህ ነው። ዘመኑ በመረጃው ውስጥ ከተጻፈ፣ የመዝገቡ ተራ ቢለዋወጥ እንኳ ታሪኩ አይለወጥም።

ይህን በራሳችን ሥራ ሞከርነው። ለአራቱ ባለቤቶች መጽሐፉን የያዙበትን ዓመት ጨመርንላቸው፤ ከዚያም ሰነዱን ሆን ብለን አፋለስነው፤ ገብሬን ከላይ፣ ኃይሉን ከመካከል አደረግነው። ቅንፉን ያስተካከልንበት ጥያቄ፣ ማለት «ቀዳሚ-ወንድም::ባለቤት[1]» የሚለው፣ በገብሬ ላይ ቆመን ብንጠይቀው ባዶ መለሰ፤ ከገብሬ በላይ የተጻፈ አልነበረምና። «ዓመታቸው ከገብሬ ዓመት ከሚያንስ ባለቤቶች ዓመቱ የሚበልጠው ማን ነው?» ብለን በጠየቅነው ጊዜ ግን ሰነዱን በየትኛውም ተራ ብንጽፈው ወለተ ማርያም ብሎ መለሰልን።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የደረስንበት ፍርድ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ኤክስፓዝ 1.0 ተራውን ለአስተናጋጁ መተዉ በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ስብስብ ብሎ ሰይሞ ተራን መጠየቁ ተጠቃሚውን አሳስቷል። ሁለተኛ፣ የ2007ቱ ደንብ ተራን ቃል ኪዳን ማድረጉ የሚመሰገን ሲሆን፣ ወደ ኋላ እየቈጠረ ወደ ፊት መመለሱን ሳያርም መተዉ እስካሁን የሚነቀፍ ነው። ሦስተኛ፣ ተራ የታሪክ ወይም የማዕርግ ምስክር በሚሆንበት ሥራ ሁሉ ተራው በመረጃው ውስጥ በቍጥር ወይም በዘመን ይጻፍ እንጂ ለሰነዱ አቀማመጥ አይተው።

የእኛን የፈጠራ መዝገብ ከነስሕተቱ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች በክፍሉ ውስጥ ትተነዋል፤ ክብ ቅንፉንም ሆን ብለን አላነሣነውም። በዚህ ትችት ውስጥ የተሳሳትነው ወይም ያጐደልነው ቢኖር መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።